ኒኮላስ ኬጅን በቁርጥራጭ ቪዲዮ አትዳኙት

ሰሞኑን ስለ ኒኮላስ ኬጅ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ፣ በሁለተኛው ደሜ ፈላ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ኬጅ ሆሊውድ የገባው በአጎቱ ስም ነው። ትወናው ጩኸትና ዓይን ማፍጠጥ ብቻ ነው። በ1996 የወሰደው ኦስካር የዕድል ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ለገንዘብ ሸጠ፣ ያገኘውንም በግንብና በዳይኖሰር ራስ ቅል ጨረሰው። አሁን ተመልሶ መጣ የሚባለውም ኢንተርኔት ሙድ ሲይዝበት ኖሮ በመጨረሻ ስላዘነለት ነው። አምስት ክስ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጸሐፊው ብዕር አላቸው፣ አልክድም። አንዳንዱ አረፍተ ነገራቸው ቅናት ያስይዛል። ግን ጽሑፉን ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ለማስረጃ የጠሯቸው ትዕይንቶች በሙሉ ዩቲዩብ ላይ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ተቆርጠው የሚዞሩት ናቸው። ንቦቹ አሉ። ፊደል የሚቆጥርባት አለች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በውስጥ ሱሪ የሚያገሳባት አለች። ከነዚህ ውጭ አንድ እንኳ የለም። ከ100 በላይ ፊልም የሠራን ሰው በሦስት ክሊፕ መዳኘት ይቻላል? ይቻላል ካሉ፣ እንግዲህ ተራ በተራ እንሂድ።

በዘመድ ገባ የሚለውን እናስቀድመው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ኬጅ በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ሲወለድ ስሙ ኒኮላስ ኪም ኮፖላ ነበር። «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ አጎቱ ነው። አያቱ ካርማይን ኮፖላ የሙዚቃ ደራሲ፣ አክስቱ ታሊያ ሻየር ተዋናይት፣ የአጎቱ ልጅ ሶፊያ ኮፖላ ዳይሬክተር ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ በር ለማንኳኳት አይቸገርም። በ1980ዎቹ ሦስት ጊዜ በአጎቱ ፊልሞች ላይ ተውኗል። ይሄ ሁሉ ልክ ነው።

ጸሐፊው የዘለሉት ስሙን ነው። በ1982 «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» ላይ በትንሽ ሚና ብቅ ሲል ኮፖላ ተብሎ ነው የተጻፈው። አብረውት የነበሩት ወጣቶች የአጎቱን ፊልም ንግግር እየጠቀሱ ያሾፉበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በቀጣዩ ዓመት «ቫሊ ገርል» ሲወጣ ኮፖላ የለም፣ ኬጅ አለ። ስሙን ከሁለት ቦታ ነው የወሰደው። አንዱ ሉክ ኬጅ ነው፣ ጥይት የማይበሳው የኮሚክ ጀግና። ሌላው ጆን ኬጅ ነው፣ ፒያኒስቱ ለ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አንድ ቁልፍ ሳይነካ የሚቀመጥበትን ሥራ የደረሰው። አንደኛው ግድግዳ የሚደረምስ፣ አንደኛው ዝምታም ሙዚቃ ነው የሚል። አንድ ጎረምሳ ሁለቱን በአንድ ስም አስሮ ገባ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንዲያውም ለጸሐፊው አንድ የተሻለ ማስረጃ ላቀብላቸው። በ1986 በወጣው የአጎቱ ፊልም «ፔጊ ሱ ጎት ማሪድ» ላይ ኬጅ በአፍንጫው የሚወጣ የሚያስቅ ድምፅ ይዞ መጣ። ከየት አመጣኸው ሲሉት ከልጆች አኒሜሽን፣ ፖኪ ከሚባል ፈረስ ነው አለ። ዋናዋ ተዋናይት ካትሊን ተርነር አልወደደችውም። የፊልም ኩባንያው ሊያባርረው ፈልጎ ነበር፣ ያተረፈው አጎቱ ነው። እዚህ ላይ ዘመድ ሠርቷል፣ እጄን እሰጣለሁ። ግን ከዚያ የሆነውን እዩ። ያን ፊልም ያየችው ዘፋኟና ተዋናይቷ ሼር «ሙንስትራክ» ላይ አብሯት የሚተውነው እሱ ካልሆነ አልሠራም ብላ ተሟገተችለት። ሼር የኮፖላ ዘመድ አይደለችም። ፊልሙ በ1987 ወጣ፣ ኦስካሩንም ወሰደችበት። ስለ ዘመድ ይሄ ይበቃናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጩኸቱ።

የጸሐፊው ሙግት ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ጥሩ ትወና ትወና አይመስልም። እውነተኛ ሰው እንዲህ አይጮኽም፣ ስለዚህ ኬጅ መጥፎ ተዋናይ ነው። ያምራል። ችግሩ «ጥሩ ትወና ትወና አይመስልም» የሚለው ሕግ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከማርሎን ብራንዶ ወዲህ የገነነ አንድ መንገድ ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ ውጭም ሌላ መንገድ ነበረ። ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን የነበሩት ጀርመኖች ግድግዳውን አጣመው፣ ጥላውን ግድግዳው ላይ ቀብተው፣ ተዋናዩንም እንደ ግድግዳው አጣመው ነበር የሚቀርጹት። የጃፓን ካቡኪ ተዋናይ ቁጣውን በዓይኑና በአንገቱ ቀርጾ ደርቆ ይቆማል፣ ተመልካቹም ለዚያች ቅጽበት ነው የሚያጨበጭበው። «እውነተኛ ሰው እንዲህ አይቆምም» ብሎ የሚከስሰው የለም።

ኬጅ ይህን ያወቀው በመጽሐፍ አይደለም። አባቱ ኦገስት ኮፖላ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ ለልጃቸው እነዚያን የጀርመን ፊልሞች ያሳዩት ነበር። «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ»ን፣ «ኖስፌራቱ»ን። «ሙንስትራክ» ላይ እጁን ያጣ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ የእንጨት እጁን ወደ ላይ የሚያነሳበት መንገድ ከ«ሜትሮፖሊስ» የተቀዳ መሆኑን ነግሮናል። የ1927 ጀርመን ፊልም እንቅስቃሴ በኒው ዮርክ ፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ማንም አልነቃበትም። ሰውየው ሳያስብ የሚጮህ ቢሆን ኖሮ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ወደ ፊደሏ ትዕይንት እንምጣ። ፊልሙ በ1989 ለአሜሪካ ተመልካች የቀረበው «ቫምፓየርስ ኪስ» ነው። ገጸ ባሕርዩ ፒተር ሎው ይባላል፣ የደራሲያን ወኪል ነው። ጸሐፊው እንደተረኩት አንድ ሰው ተነስቶ ሀሁ እያለ የሚያብድበት ነገር ነው። እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሎው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ቢሮ ተቀምጧል። አንድ የቆየ ውል ከፋይል ውስጥ ጠፍቷል፣ ያለ ቦታው የገባ ነው። እሱ ግን ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አይገባውም። ወረቀትን በፊደል ተራ ማስቀመጥ ምኑ ይከብዳል? ለሐኪሟ ሊያስረዳት ይጀምራል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነው። ቀስ እያለ ድምፁ ይወጣል። ክንዶቹ ይነሳሉ። እያንዳንዷ ፊደል የራሷን እንቅስቃሴ ታገኛለች፣ አንዷን በጡጫ፣ አንዷን በጣት፣ አንዷን በሙሉ ክንድ። ዜድ ላይ ሲደርስ ሰውነቱ በሙሉ እየፎከረ ነው። ሐኪሟ ዝም ብላ ታየዋለች።

ምን እያየን ነው? ራሱን የዓለም ጌታ ያደረገ ሀብታም ቢሮክራት በአንድ ወረቀት የተነሳ ሲፈርስ ነው የምናየው። በፊልሙ ውስጥ ይሄ ሰው በዚያች ወረቀት ሰበብ አንዲት ምስኪን ሠራተኛውን ቀን በቀን እያሳደደ ያሰቃያታል። ክሊፑን ያየ ሰው ይህን አያውቅም። ክሊፑ ላይ ሠራተኛዋ የለችም። እሷ ከሌለች ደግሞ ጩኸቱ ቀልድ ብቻ ይሆናል። ከእሷ ጋር ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የተንጠባረረ አነጋገሩንም ቢሆን ከአባቱ አነጋገር ነው የቀዳው። እጆቹንም ቀድሞ ተለማምዶባቸው ነው የመጣው። እዚያው ፊልም ላይ በረሮ ከነሕይወቷ በልቷል። ስክሪፕቱ ላይ የነበረው ጥሬ እንቁላል ነው። ይህቺንስ ለምን እንዳስፈለገች አልከራከርም፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኳት።

ንቦቹ ደግሞ ይብሳሉ። «ዘ ዊከር ማን» በ2006 የወጣ ደካማ ፊልም ነው። ለዚህ ጠበቃ አልቆምለትም። ግን ጸሐፊው የሲኒማ ቤት ተመልካች ያን የንብ ትዕይንት ሲያይ በሳቅ እንደፈረሰ ጽፈዋል። እንዴት ብሎ? ራሱ ላይ ንብ የሚያፈሱበት ትዕይንት በሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ውስጥ የለም! ኋላ በዲቪዲ በወጣው ያልተቆረጠ ቅጂ ላይ ነው ያለው። ሕዝቡ ያን ነገር ያወቀው በክሊፕ ነው። ጸሐፊውም በክሊፕ ነው ያወቁት ማለት ነው። ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው ወደ እርግጠኝነት የተጠጋው።

ሦስተኛዋ የመታጠቢያ ቤቷ ናት፣ «ማንዲ» ከሚባለው የ2018 ፊልም። ይቺን እንኳ ባይነኳት ይሻላቸው ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ኬጅ እንጨት ቆራጭ ነው፣ ከሚስቱ ጋር ጫካ ውስጥ ይኖራል። ለአንድ ሰዓት ያህል የሚናገረው በጣት የሚቆጠር ነው። ይተኛሉ፣ ያወራሉ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ። ከዚያ ክፉዎች መጥተው እጁን አስረው ሚስቱን ዓይኑ ሥር ያቃጥሏታል። ይሄዳሉ። እሱ እንደምንም ራሱን ፈትቶ ቤት ይገባል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ የተደበቀ ቮድካ ያወጣል። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ ያየዋል። ይጠጣል፣ ቁስሉ ላይ ያፈስሳል፣ ያገሳል። ደግሞ ይቀመጣል፣ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ደግሞ ይጠጣል። በቲሸርትና በውስጥ ሱሪ መሆኑ ያስቃል? ለአምስት ሰከንድ አዎ። ከዚያ አያስቅም። ሐዘን ሰውን የሚያገኘው ሱሪውን ታጥቆ እስኪጨርስ ጠብቆ አይደለም። ሰው የሞተበት ሰው ሲጮኽ «አበዛው» የሚል ለቀስተኛ አይቼ አላውቅም።

ኬጅ ለዚህ ስልቱ ስም አውጥቶለታል፣ «ኑቮ ሻማኒክ» ይለዋል። ስያሜው ያስቃል፣ ስቄበታለሁም። ሠዓሊዎች ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ ላይ መሣል ከቻሉ ተዋናይ ለምን ያየነውን ፊት ብቻ እንዲያሳየን ይገደዳል ነው ነገሩ። ኢታን ሆክ፣ እሱ ራሱ ከጥሩዎቹ አንዱ፣ ከብራንዶ ወዲህ በትወና ላይ አዲስ ነገር ያደረገ ብቸኛው ሰው ኬጅ ነው ብሏል። በካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ የወሰደውን «ዋይልድ አት ሃርት» አብሮት የሠራው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንች ደግሞ ከጃዝ ሙዚቀኛ ጋር ነው ያመሳሰለው። የጃዝ ተጫዋች ከዜማው ወጣ ሲል ኖታ ማንበብ አቃተው አይባልም። ሁሌ ያምርለታል ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ከዜማው ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ግን የሚጫወተውን አያውቅም ማለት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ኦስካሩ ብዙ አልጽፍም። «ሊቪንግ ላስ ቬጋስ» በ16 ሚሊሜትር ካሜራ፣ በሆሊውድ ሂሳብ በኪስ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። ከኬጅ ጋር የታጩት አንቶኒ ሆፕኪንስ፣ ሪቻርድ ድራይፈስ፣ ማሲሞ ትሮይሲና ሾን ፔን ነበሩ። ዕድል ነው ከተባለ የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ የፊልም ሐያሲያን ማኅበራትም በዚያው ዓመት መረጡት፣ ጎልደን ግሎብም ሰጠው። ዕድል ይህን ያህል በሮች አያንኳኳም። ጸሐፊው ደግሞ ሾን ፔንን ለምስክርነት ጠርተዋል፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬጅ ከእንግዲህ ተዋናይ አይደለም፣ ትርኢት አሳይ ነው ብሎ ነበርና። ብሏል። ግን ምስክሩ በዚያች ምሽት ኦስካሩን ካጡት አራቱ አንዱ መሆኑን አብሮ መጻፍ ደግ ነበር።

ፊልሙን ላላየ አንድ ትዕይንት ብቻ። ኬጅ የሚተውነው ቤን ቼክ ሊመነዝር ባንክ ይገባል። ጠጪ ነው፣ ዛሬ ግን ገና አልጠጣም። ገንዘብ ከፋይዋ ፈርም ትለዋለች። እስኪሪብቶውን ይይዛል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይደብቃታል። ሊያስቃት ይሞክራል። ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል። መፈረም አልቻለም። ሰበብ ፈጥሮ ይወጣና መጠጥ ቤት ይገባል። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው፣ ተጫዋች፣ እጁ የማይነቃነቅ። ኬጅ እዚያ ባንክ ቤት ውስጥ አይጮኽም። ጣቱን ነው የሚተውነው። ክሊፕ ሆና ያልዞረችውም ለዚህ ይመስለኛል።

«አዳፕቴሽን»ን ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። በ2002 ሁለት መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ተውኖ ለሁለተኛ ጊዜ ለኦስካር ታጭቶበታል። አንዱ ራሱን የሚጠላ፣ አንዱ ራሱን የሚወድ። ልብሳቸው ቢመሳሰልም አፋቸውን ሳይከፍቱ ከአቀማመጣቸው ትለዩዋቸዋላችሁ። ዓይን ማፍጠጥ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ይከብዳል።

አሁን ገንዘቡ። ይሄኛው ክስ ሁለት ተኩል ገጽ ይዟል፣ ጸሐፊውም በደንብ የተዝናኑበት እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ከኦስካሩ በኋላ ወደ አክሽን መግባቱን ክህደት ብለውታል። «ዘ ሮክ»፣ «ኮን ኤር»፣ «ፌስ ኦፍ»፣ ሦስቱም በ1996 እና በ1997። ከገንዘቡ ጋር ጠብ የለኝም፣ ብዙ ተከፍሎታል። ግን «ፌስ ኦፍ»ን አይተዋል? ኬጅ መጀመሪያ የሚተውነው ወንጀለኛውን ነው፣ ፖሊሱን ደግሞ ጆን ትራቮልታ። ከዚያ በቀዶ ሕክምና የፖሊሱ መንፈስ በወንጀለኛው ፊት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኬጅ የሚተውነው ጆን ትራቮልታን ነው፣ ያውም ኬጅን ለመምሰል የሚታገለውን ትራቮልታ። እስር ቤት ውስጥ ጠብ ይነሳል። ለመትረፍ የሚጠላውን ሰው መምሰል አለበት። በሙሉ ድምፁ እየሳቀ ስሙን ይጮኻል፣ የወንጀለኛውን ስም። ዓይኖቹ ግን እያለቀሱ ነው። የልጁን ገዳይ እየሆነ ነውና። ሳቅና ለቅሶ በአንድ ፊት ላይ፣ በአንድ ቀረጻ። ይህ በጥይትና በርግብ የተሞላ የበጋ አክሽን ፊልም ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው። ክህደቱ የታለ?

ወጪውን በተመለከተ ጸሐፊው የዘረዘሩት አብዛኛው ልክ ነው። ጀርመን አንድ ግንብ ነበረው፣ እንግሊዝ ሌላ። ባሃማስ ደሴት። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ላሎሪ የሚባለውን፣ ጭራቅ አለበት የሚባለውን ቤት ገዝቶ በ2009 በዕዳ ተነጥቋል። እዚያው ከተማ መቃብር ቦታ ላይ በቁሙ የፒራሚድ መቃብር አሠርቷል። በ2007 በጨረታ የዳይኖሰር ራስ ቅል በ276,000 ዶላር ገዛ። ሰው እንዴት ይሄን ሁሉ ያስባል? አላውቅም። እኔ ከዚህ ሁሉ የምቀናበት ዳይኖሰሩን ብቻ ነው።

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው መተረክ ነበረባቸው። ራስ ቅሉ ከሞንጎሊያ በስርቆት የወጣ ሆኖ ተገኘ። እሱ ሲገዛ አላወቀም፣ ሲነገረው በ2015 ለመመለስ ተስማማ። ሁሉም የባከነ ገንዘብም አልነበረም። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት ኮሚክ መጽሐፉ በ2000 ተሰርቆበት ነበር፣ በ2011 ተገኘና 2.16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያኔ ለአንድ ኮሚክ የተከፈለ ትልቁ ዋጋ ነው።

ዋናው ስህተት ግን ጸሐፊው ኬጅ ኪሳራ አውጇል ማለታቸው ነው። አላወጀም። የንብረት ዋጋ ሲወድቅ፣ ግብር ሲከማች፣ ዕዳው ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጠበቆች ያሉት ሰው በሕግ ኪሳራ አውጆ ከአብዛኛው ሊገላገል ይችላል። እሱ አላደረገውም። በዓመት ሦስት አራት ፊልም እየሠራ ሁሉንም ከፍሎ ጨረሰ። በዚያው ሰዓት እናቱን፣ በአእምሮ ሕመም ለዓመታት የተሠቃዩትን፣ ሆስፒታል እንዳይገቡ በራሱ ወጪ ያስታምም ነበር። እናቱ በ2021 አረፉ። ዕዳ ያለበት ሰው ሙያውን ሠርቶ ዕዳውን ከፈለ። ጽሑፉ ላይ ወንጀል ሆኖ የቀረበው ይሄ ነው።

ከእነዚያ ፊልሞች መሃል መጥፎ የለም አልልም። ሞልቷል። ስማቸውን ሳይ ያየሁትንና ያላየሁትን የማልለያቸው አሉ። «ሌፍት ቢሃይንድ»ን በ2014 አይቼ ሁለት ሰዓቴን እስካሁን እናፍቃታለሁ። ግን በዚያው የዕዳ ዘመን «ጆ» አለ፣ በ2013፣ እንደ ደረቅ እንጨት ፀጥ ያለ ሰው ሆኖ። «ማንዲ»ም የዚያው ዘመን ነው። ርካሾቹም ውስጥ እንኳ ተኝቶ አታገኙትም። ፊልሙ ሲሞት እሱ ብቻውን ይታገላል፣ አንዳንዴም ያሳዝናል።

ብዛቱ ራሱ ነውር ከሆነ ደግሞ ሃምፍሪ ቦጋርትም ይከሰስ። በ1939 ብቻ በሰባት ፊልም ወጥቷል። ያኔ ተዋናይ ሠራተኛ ነበር፣ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ። ኬጅም ሲጠየቅ እነዚያን የድሮ ሰዎች ነው የሚጠራው። በሁለት ዓመት አንድ ፊልም ሠርቶ ሽልማት መጠበቅ ኋላ የመጣ ልማድ ነው።

የመጨረሻው ክስ፣ ኢንተርኔት አዘነለት የሚለው። ሚሙ፣ ማለትም ፊቱን እየለጠፉ ኢንተርኔት ላይ የሚቀባበሉት ቀልድ፣ እውነት ነው። ፊቱ ያልተለጠፈበት ነገር የለም፣ ትራስ ላይ ሳይቀር። እሱም ደስ እንዳላለው ደብቆ አያውቅም። ግን ሚሙን ምን እንዳደረገው እዩ። በ2022 ራሱን ኒክ ኬጅን ሆኖ ተወነ። በ2023 ደግሞ «ድሪም ሲናሪዮ» ላይ መላጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ይሄ መምህር አንድ ቀን ተነስቶ የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሕልም ውስጥ መግባት ይጀምራል። ምንም አያደርግም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ሁሉም ይወዱታል፣ ኋላ ሁሉም ይጠሉታል፣ እሱ ምንም ሳያደርግ። ሚም ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ለጎልደን ግሎብ ታጨበት።

ሕዝቡ የሚመጣው ለማሾፍ ነው ካሉ «ሎንግሌግስ» ይመልስላቸው። በ2024 ይህ አስፈሪ ፊልም ሲተዋወቅ የኬጅ ፊት ከማስታወቂያው ተደብቆ ነበር። በፊልሙ ውስጥም በሜካፕ ስለተሸፈነ ካልተነገራችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ከ10 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ተሠርቶ በዓለም ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ለሚም የመጣ ተመልካች ፊቱ ተደብቆበት ትኬት አይቆርጥም።

ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ ነበር፣ ስለ ሁለቱ ኬጆች። ግድግዳ የሚደረምሰውን ሁላችንም አየነው። ሌላውን ማየት የሚፈልግ በ2021 የወጣውን «ፒግ» ይክፈት። ጸሐፊው አሳማው የተሰረቀበት ሰው ሲበቀል የሚያሳይ ፊልም ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። ፊልሙን እንዳላዩት ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም፣ በቀል የለበትማ።

ኬጅ የሚተውነው ሮብ ድሮ ስመ ጥር ሼፍ ነበር። አሁን ኦሪገን ጫካ ውስጥ ከአንዲት አሳማ ጋር ይኖራል። አሳማዋ ትረፍል የሚባለውን ውድ እንጉዳይ ከመሬት ታወጣለታለች። ትሰረቃለች። ሊፈልጋት ፖርትላንድ ከተማ ይገባል። ፊቱ በድብደባ አብጦ፣ ደሙ ደርቆበት፣ በቆሸሸ ልብሱ ከከተማው ውድ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ይቀመጣል። የቤቱን ሼፍ ጥሩልኝ ይላል። ሼፉ ይመጣል፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት ነጭ። ከዓመታት በፊት ሮብ ቀጥሮት፣ ፓስታ ከልክ በላይ ይቀቅላል ብሎ በሁለት ወር ያባረረው ልጅ ነው። ሼፉ ፈገግ ብሎ ስለ ምግቡ ፍልስፍና ማብራራት ይጀምራል። ሮብ ያዳምጠዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ድሮ መክፈት የምትፈልገው ምን ነበር? ሼፉ ይስቃል። አንዲት ተራ መጠጥ ቤት ነበረች ሕልሙ። ሮብ እነዚህ ሐያሲዎች፣ እነዚህ ደንበኞች እውነተኛ እንዳልሆኑ፣ ለአንተም ግድ እንደሌላቸው ይነግረዋል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካሜራው ወደ ሼፉ ይዞራል፣ ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ አለ፣ ግን ጠርዙ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ዓይኑም እየሞላ ነው። ኬጅ ዝም ብሎ ያየዋል።

ይቺ ትዕይንትም ዩቲዩብ ላይ አለች። እባክዎ በዚያ አይዩዋት፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩት።